ማዕድን ማውጫው ከተዘጋ ከ40 ዓመት በላይ ሆነው፤ ሥራው ግን አላለቀም! የበርክሌይ ፒት ታሪክ

ስልካችሁን ቻርጅ ስታደርጉ ኤሌክትሪኩን ከሶኬት ወደ ባትሪ የሚያደርሰው ገመዱ ውስጥ ያለው ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረው የመብራት መስመር መዳብ ነው። የውሃ ፓምፕም፣ የኤሌክትሪክ መኪናም ሞተራቸው በመዳብ ሽቦ የተጠቀለለ ነው። ይሄ ሁሉ መዳብ ከየት እንደሚመጣ ብዙዎቻችን አስበን አናውቅም። የወጣበት ቦታ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ጭራሽ አንጠይቅም።

ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የሚሰጥ አንድ ቦታ አለ። አሜሪካ፣ ሞንታና ግዛት፣ ቢዩት የምትባል ከተማ ውስጥ የሚገኝ በርክሌይ ፒት የሚሉት ጉድጓድ ነው። ርዝመቱ 1.6 ኪሎ ሜትር፣ ስፋቱ 800 ሜትር፣ ጥልቀቱ 540 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ሥራ ያቆመው በ1982 ነው። ዛሬ ውስጡ ከ150 ቢሊዮን ሊትር በላይ አሲድና ብረታ ብረት የተቀላቀለበት ውሃ ተኝቶበታል። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩን ለመረዳት ከድንጋዩ መጀመር አለብን። ምክንያቱም ቢዩትን ሀብታም ያደረጋትም ሆነ አሁን ያስቸገራት ነገር አንድ ነው፤ እሱም ድንጋይ፣ ውሃና አየር ሲገናኙ የሚፈጠረው ኬሚስትሪ ነው።

▪️ መዳቡ እዚያ እንዴት መጣ?

የዛሬ 76 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ከምድር ውስጥ የተነሳ የቀለጠ አለት ወደ ላይ ሲመጣ መሬቱን በስቶ ሳይፈነዳ እዚያው ከመሬት በታች ቀዘቀዘ። ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ አለት ግራናይት ይሆናል። የቢዩት ኮረብታ የተቀመጠው በዚህ ግራናይት ላይ ነው።

ከ66 እስከ 61 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባለው ጊዜ ደግሞ፣ ማለትም ዳይኖሰሮች በጠፉበት ዘመንና ከዚያ ትንሽ ዘግይቶ፣ ከሥር አዲስ ሙቀት መጣ። ከሙቀቱ ጋር በጣም የጋለ፣ ጨው የበዛበት ውሃ ተነሳ። ሶደሬ ወይም ወንዶ ገነት ሄዳችሁ ከሆነ ፍል ውሃ የሚፈስበት ድንጋይ ላይ ቀለም ያለው ነገር ተጋግሮ አይታችኋል። ውሃው ከታች አሟምቶ ያመጣውን ማዕድን ላይ ሲደርስና ሲቀዘቅዝ ይጥለዋል። ቢዩት ላይ የሆነውም ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ውሃው በጣም የጋለ፣ ቦታው በጣም ጥልቅ፣ የመጣውም ማዕድን በጣም ብዙ መሆኑ ነው።

የጋለው ውሃ ሥራውን የሠራው በሁለት ዙር ነው። በመጀመሪያው ዙር መዳቡ በግራናይቱ ውስጥ እንደ ጨው በስሱ ተበተነ። በሁለተኛው ዙር ደግሞ አለቱ ሲሰነጠቅ ውሃው ስንጥቆቹን ሞላቸውና ወፋፍራም የማዕድን ሥሮች ሠራ። በነዚህ ሥሮች ውስጥ መዳብ ብቻ አልነበረም። ዚንክ፣ ብር፣ ማንጋኒዝ፣ እንዲሁም አርሰኒክ የሚባለው መርዛማ ንጥረ ነገር አብረው ነበሩ። ከሁሉም በላይ የበዛው ፓይራይት ነው። ፓይራይት የብረትና የድኝ ውህድ ነው፤ ቢጫ ሆኖ ስለሚያብረቀርቅ ብዙ ሰው ወርቅ እየመሰለው ተሸውዷል። ይህን ስም ያዙት፤ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ መሬቱ ቀስ በቀስ እየተሸረሸረ ማዕድኑ ወደ ገጽ ቀረበ። ዝናብ ዘነበበት፣ አየር ነካው። ፓይራይት ውሃና ኦክስጅን ሲያገኝ ሰልፈሪክ አሲድ ይፈጥራል። አሲዱ ላይ ያለውን መዳብ አሟሙቶ ወደ ታች ይዞት ወረደ። አየር ወደማይደርስበት ጥልቀት ሲገባ መዳቡ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ቻልኮሳይት የሚባል ጥቁር ግራጫ ማዕድንም ሆነ። ንጹህ ቻልኮሳይት ከክብደቱ 80 በመቶ ገደማው መዳብ ነው!

በአጭሩ ተፈጥሮ የላይኛውን መዳብ በአሲድ እያጠበች ከታች አከማቸችው። በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት የፈጀ ሥራ ነው።

▪️ ብር ፍለጋ ገብተው መዳብ አገኙ

ይህን የማያውቁት የመጀመሪያዎቹ ፈላጊዎች በ1864 ቢዩት የደረሱት ወንዝ ዳር ወርቅ ለማጠብ ነበር። ወርቁ ሳስቶ ሲያልቅ ወደ ብር ዞሩ። መዳቡ ከላይ ታጥቦ ስለነበር ኮረብታው ገጽ ላይ ብዙም አይታይም።

ማርከስ ዴሊ የሚባል አየርላንድ ተወልዶ በወጣትነቱ አሜሪካ የገባ ማዕድን አውጪ አናኮንዳ የተባለችውን አነስተኛ የብር ማውጫ ገዛ። በ1882 ሠራተኞቹ ወደ 90 ሜትር ገደማ ጥልቀት ሲደርሱ ብር ሳይሆን ወፍራም የመዳብ ሥር ገጠማቸው። ያ ተፈጥሮ ከላይ አጥባ ያወረደችው ክምችት ነበር።

ጊዜው ደግሞ ዴሊን የረዳው ጊዜ ነው። በዚያው በ1882 ቶማስ ኤዲሰን ኒውዮርክ ውስጥ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከፍቶ ለደንበኞች መብራት መሸጥ ጀመረ። ኤሌክትሪክ ሽቦ ይፈልጋል፣ ሽቦ መዳብ ይፈልጋል። ዓለም መዳብ ፍለጋ ስትወጣ ቢዩት ተዘጋጅታ ጠበቀቻት። ዴሊ ከቢዩት በስተምዕራብ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ ትልቅ ማቅለጫና ለማቅለጫው ሠራተኞች የሚሆን ከተማ አሠራ፤ የከተማውም ስም አናኮንዳ ሆነ። በ1919 ተሠርቶ ያለቀው የማቅለጫው የጭስ ማውጫ 178 ሜትር ቁመት ያለው ሲሆን ዛሬም ቆሟል።

ቢዩት "በምድር ላይ ያለ እጅግ ሀብታም ኮረብታ" ተባለች። አየርላንዳዊው፣ ፊንላንዳዊው፣ ሰርቡ፣ ጣሊያኑ፣ ቻይናዊው ሁሉ ጎረፈ። ማዕድን ማውጫው ውስጥ "ማጨስ ክልክል ነው" የሚለው ማስታወቂያ በ16 ቋንቋ ይጻፍ ነበር ይባላል። ከኮረብታው ሥር የተቆፈረው መተላለፊያ ሲደማመር ከ16,000 ኪሎ ሜትር በላይ እንደሚሆን ይገመታል። ጥልቁ ጉድጓድ ከ1,600 ሜትር በላይ ይወርዳል።

▪️ የመዳቡ ዋጋ በሰው ሲከፈል

ሰኔ 8 ቀን 1917 ማታ። አሜሪካ አንደኛው የዓለም ጦርነት ውስጥ ከገባች ሁለት ወሯ ነው፤ ጥይት ለመሥራት መዳብ በጣም ይፈለጋል፤ ማውጫዎቹ ሌት ተቀን ይሠራሉ። ግራናይት ማውንቴን በሚባለው ጉድጓድ ሠራተኞች አንድ ከባድ የኤሌክትሪክ ገመድ ወደ ታች እያወረዱ ነበር። ገመዱ የሚወርደው ለእሳት አደጋ መከላከያ ሥራ ነበር። ገመዱ አምልጦ ወደቀ፤ ሽፋኑም ተላጠ። ጉዳቱን ለማየት የወረደ አንድ ኃላፊ የያዘው የካርባይድ መብራት ዘይት የጠጣውን ሽፋን ነካውና እሳት ተነሳ።

ጭሱ በመተላለፊያዎቹ ውስጥ ሮጠ። 168 ሰዎች ሞቱ፤ አብዛኞቹን የገደላቸው እሳቱ ሳይሆን ጭሱና መርዛማው ጋዝ ነው። በአሜሪካ ታሪክ ከድንጋይ ከሰል ውጪ ባሉ ማዕድን ማውጫዎች እንደዚህ ብዙ ሰው የገደለ አደጋ የለም።

ከነሱ መሀል ማነስ ዱጋን የሚባል ወጣት ነበር። ጓደኞቹን ሰብስቦ አንድ መተላለፊያ ውስጥ አስገባና ጭሱ እንዳይገባ በእንጨት፣ በአፈርና በልብሳቸው ሳይቀር አስደፈነው። አንድ ቀን ተኩል ገደማ እዚያ ቆዩ። 25 ሰዎች በሕይወት ወጡ። ዱጋን ግን አልወጣም፤ በጨለማው ውስጥ ሆኖ ለሚስቱ የጻፋቸው ማስታወሻዎች ግን ተገኙ።

ሠራተኞቹ የተሻለ ደህንነትና ደሞዝ ጠይቀው ሥራ አቆሙ። ፍራንክ ሊትል የሚባል የሠራተኛ ማኅበር አደራጅ ሊያግዛቸው መጣ። ነሐሴ 1 ቀን 1917 ሌሊት ጭምብል ያጠለቁ ሰዎች ከተኛበት ክፍል ወስደው የባቡር ድልድይ ላይ ሰቅለው ገደሉት። በዚህ ግድያ ማንም ሰው ተከሶ ፍርድ ቤት አልቀረበም።

ይህን ሁሉ ያኔ ማን ዘገበው ካላችሁ፣ መልሱ የሚያስገርም ነው። አናኮንዳ ኩባንያ የሞንታናን ትልልቅ ዕለታዊ ጋዜጦች አብዛኞቹን በባለቤትነት ወይም በቁጥጥር ሥር አድርጎ ነበር። ጋዜጦቹን የሸጣቸው በ1959 ነው። ገለልተኛ ሚዲያ ለምን ያስፈልጋል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ይህን ንገሩት።

▪️ ከዋሻ ወደ ጉድጓድ

ወፍራሞቹ የመዳብ ሥሮች እያለቁ ሲሄዱ የቀረው በመጀመሪያው ዙር በስሱ የተበተነው መዳብ ነበር። ከ100 ኪሎ ድንጋይ አንድ ኪሎ መዳብ እንኳ አይገኝም። ይህን ከመሬት በታች በሰው ጉልበት ማውጣት አያዋጣም። ስለዚህ ኩባንያው በ1955 ዘዴውን ቀየረ፤ ኮረብታውን ከላይ ጀምሮ በፈንጂ እያፈረሱ በትልልቅ መኪና መጫን። በርክሌይ ፒት የተጀመረው ያኔ ነው።

ጉድጓዱ እየሰፋ ሲመጣ ሰፈሮችን በላ። ጣሊያኖች የሚበዙባት ሚደርቪል ጠፋች፤ ማክዊን የምትባለው ሰፈርም እንደዚያው። ሰዎች ቤታቸውን ለኩባንያው ሸጠው ለቀቁ። የቢዩት ልጆች ያደጉበት ኮለምቢያ ጋርደንስ የሚባለው መዝናኛ ፓርክም በ1973 ተዘግቶ ቦታው ለቁፋሮ ዋለ። ልብ በሉ፤ ይህን ሲያደርግ የነበረው ራሱ ከተማዋን ያበላ ኩባንያ ነው። ብዙ ሰው እያዘነ፣ ግን ደሞዙን እያሰበ ዝም አለ። ማን ይፈርድባቸዋል?

በ27 ዓመት ውስጥ ከጉድጓዱ 1 ቢሊዮን ቶን ገደማ ድንጋይና አፈር ወጣ። አብዛኛው ጥቅም የሌለው ድንጋይ ነበር።

በመሀል ግን ኩባንያውን ከሩቅ አገር አንድ ነገር መታው። ቺሊ በ1971 የመዳብ ማውጫዎቿን ወረሰች፤ ከነሱም ውስጥ አናኮንዳ ብዙ ትርፍ የሚያገኝበት ቹኪካማታ ነበረበት። የተዳከመው አናኮንዳ በ1977 አርኮ ለሚባል የነዳጅ ኩባንያ ተሸጠ። የመዳብ ዋጋ ሲወርድ ማቅለጫው በ1980 ተዘጋ። ሚያዝያ 22 ቀን 1982 ደግሞ የበርክሌይ ፒት ሥራ ቆመ። የሚገርመው፣ ቀኑ የዓለም የመሬት ቀን ተብሎ የሚከበርበት ዕለት ነው።

▪️ ፓምፑ ሲጠፋ

አሁን ፓይራይትን እናስታውስ።

ማንኛውም ጥልቅ ማዕድን ማውጫ ውሃ ያፈልቃል። ስለዚህ ቢዩት ላይ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከ1,100 ሜትር በላይ ጥልቀት ላይ የተቀመጡ ፓምፖች ቀን ከሌት ውሃውን ወደ ላይ ይገፉ ነበር። ፓምፕ ማንቀሳቀስ ገንዘብ ይጠይቃል። ሥራው ሲቆም አርኮ ፓምፖቹንም አጠፋቸው።

ውሃው 16,000 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን መተላለፊያ እየሞላ ወጣ፤ በቀጣዩ ዓመት የጉድጓዱ ወለል ላይ ብቅ አለ። የመተላለፊያዎቹ ግድግዳ ፓይራይት የበዛበት ነው፤ ለመቶ ዓመት ደግሞ አየር ገብቶበታል። ያ ጥንት ተፈጥሮ በሚሊዮን ዓመታት ስታካሂደው የነበረው ሥራ አሁን በፍጥነትና በብዛት ተጀመረ። ውሃው አሲድ ሆነ፤ አሲዱ መዳብ፣ ብረት፣ ዚንክ፣ ካድሚየምና አርሰኒክ አሟሟ። በአንድ ወቅት የአሲዱ ልክ 2.5 ፒኤች ነበር፤ ይሄ ከሎሚ ጭማቂ ጋር የሚቀራረብ ነው። የላይኛው ውሃ በሟሟው ብረት ምክንያት ቀይ ቡና ዓይነት ቀለም ያዘ።

አበው "ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው" ይላሉ። ሥራው የተዘጋ ሰሞን ጉድጓዱ ባዶ ነበር፤ አደጋው ገና ሩቅ ይመስላል። ውሃው ግን በየዓመቱ ጥቂት ሜትር እየጨመረ መጣ።

በኅዳር 1995 የበረዶ ዝይ የሚባሉ ነጫጭ ስደተኛ ወፎች ማዕበል ሸሽተው ጉድጓዱ ላይ አረፉ። 342ቱ ሞተው ተገኙ። ምርመራው ጉሯቸውና የውስጥ አካላቸው እንደቆሰለ አሳየ። በኅዳር 2016 ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ዝይዎች አረፉ፤ ከ3,000 በላይ ሞቱ። አሁን ወፍ የሚጠብቁ ሠራተኞች አሉ። ገና ወፍ ሲያዩ በጥይት ድምፅ፣ በድሮንና በመሳሰሉት ያባርሯቸዋል።

ትልቁ ስጋት ግን ለሰው ነው። የጉድጓዱ ውሃ ከአካባቢው የከርሰ ምድር ውሃ ዝቅ ብሎ እስካለ ድረስ የዙሪያው ውሃ ወደ ጉድጓዱ ይፈስሳል እንጂ ከጉድጓዱ አይወጣም። ከፍ ካለ ግን አቅጣጫው ይገለበጣል፤ መርዙ ወደ ከተማዋ ከርሰ ምድር ውሃና ወደ ወንዟ ይሄዳል። ስለዚህ ባለሙያዎች አንድ ቀይ መስመር አሰመሩ፤ ከባሕር ጠለል በላይ 1,649 ሜትር። ውሃው ከዚያ ማለፍ የለበትም።

▪️ ማን ይክፈል?

ወደ ዋናው ጥያቄ ደረስን። ቆፍሮ የሸጠው አናኮንዳ የለም፤ ተሽጧል። የበሉት ባለሀብቶች ሞተዋል። ሠራተኞቹ ተበትነዋል። ታዲያ ሂሳቡን ማን ይዝጋ?

አሜሪካ በ1980 ሱፐርፈንድ የሚባል ሕግ አወጣች። የሕጉ ጠንካራ ጎን ወደ ኋላ ሄዶ መያዙ ነው፤ "ያበላሸሁት እኔ አይደለሁም፣ ከኔ በፊት የነበረው ነው" ማለት ብዙም አያድንም። ኩባንያ ስትገዛ ዕዳውንም ትገዛለህ። አርኮ አናኮንዳን የገዛው ሕጉ ከመውጣቱ ሦስት ዓመት ቀድሞ ነው፤ የመቶ ዓመት ቆሻሻም በእጁ ወደቀ። በ2000 ደግሞ አርኮን የእንግሊዙ ቢፒ ገዛው። ስለዚህ ዛሬ ቢዩት ውስጥ ለፈሰሰው መርዝ ከሚከፍሉት አንዱ በነዳጅ ማደያ የምናውቀው ኩባንያ ነው። ከጎን ያለውን ኮንቲኔንታል ፒት የሚባል ሌላ የመዳብ ጉድጓድ ከ1986 ጀምሮ የሚሠራው ሞንታና ሪሶርስስ የተባለ ኩባንያም ኃላፊነቱን ይጋራል።

በ2003 የውሃ ማጣሪያ ተሠራ። አሠራሩ ቀላል ነው፤ ውሃው ላይ ኖራ ይጨመራል፣ ኖራው አሲዱን ይገድለዋል፣ ብረታ ብረቱ ዝቃጭ ሆኖ ከታች ይቀመጣል። ከ2019 ጀምሮ የጉድጓዱ ውሃ እየተሳበ፣ እየተጣራ ወደ ወንዙ ይለቀቃል፤ ቀይ መስመሩ እንዳይደርስ ማለት ነው። ዝቃጩስ? ተመልሶ ወደ ጉድጓዱ ይገባል።

ይህ ማጣሪያ እስከ መቼ ይሠራል ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ "ለዘላለም" ነው። ቃሉን እኛ አላጋነንነውም፤ ዕቅዱ ራሱ ማብቂያ ቀን የለውም። ፓይራይቱ አላለቀም፤ ውሃውም መምጣቱን አያቆምም። መዳቡ የወጣው በመቶ ዓመት ነው፤ ጽዳቱ ግን የልጅ ልጆቻቸው የልጅ ልጆችም ሥራ ነው።

ፍትሐዊ ለመሆን ጥሩውንም እንናገር። የቢዩት ሰዎች ከመርዙም ጥቅም ለማውጣት ሞክረዋል። መዳብ የሟሟበትን ውሃ ቁርጥራጭ ብረት ላይ ሲያፈስሱት መዳቡ ከውሃው ወጥቶ ብረቱ ላይ ይቀመጣል፤ ብረቱ ደግሞ በተራው ይሟሟል። በዚህ ዘዴ ከጉድጓዱ ውሃ እስከ 2013 ድረስ መዳብ ይወጣ ነበር። አንድሪያና ዶን ስቲርል የሚባሉ ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ደግሞ በዚያ አሲድ ውስጥ የሚኖሩ ፈንገሶችን ሰብስበው ለመድኃኒት ምርምር የሚሆኑ አዳዲስ ውህዶች አግኝተዋል። ጎብኚዎችም ከፍለው በመመልከቻው ሰገነት ላይ ቆመው ጉድጓዱን ያያሉ።

▪️ እኛን ምን አገባን?

ቢዩት ሩቅ ናት። ጥያቄው ግን ሩቅ አይደለም። በግንቦት 2018 (በኛ 2010 ዓ.ም.) የለገደምቢ ወርቅ ማውጫ ፈቃድ የታገደው ነዋሪዎች ከማውጫው የሚወጣው ነገር ጤናችንን ጎዳ ብለው ከተቃወሙ በኋላ ነው። ያ ወርቅ ነው፣ ይሄ መዳብ፤ ድንጋዩም ኬሚካሉም የተለያየ ነው፤ አንድ ናቸው እያልን አይደለም። ግን ሁለቱም ቦታ ላይ ማዕድኑን የሚወስደው አንድ ወገን ሆኖ ውሃውን የሚጠጣው ሌላ ወገን ነው።

አዲስ ማዕድን ማውጫ ሲመረቅ የምንሰማው ዜና የታወቀ ነው፤ ይህን ያህል ቶን፣ ይህን ያህል ዶላር፣ ይህን ያህል የሥራ ዕድል። ከቢዩት የምንማረው ሦስት ተጨማሪ ጥያቄ መጠየቅን ነው። አንደኛ፣ ድንጋዩ ውስጥ ከሚፈለገው ማዕድን ጋር ምን ምን አብሮ አለ? ሁለተኛ፣ ሥራው ሲያልቅ ውሃው ወዴት ይሄዳል? ሦስተኛ፣ ለማጽጃ የሚሆነው ገንዘብ ቁፋሮው ሳይጀመር በፊት የት ተቀመጠ? ሦስተኛው በጣም ወሳኝ ነው፤ ምክንያቱም ማውጫው ካለቀ በኋላ ኩባንያውን ማግኘት ከባድ ነው። ቢዩት ከፋይ ያገኘችው ጠንካራ ሕግ ስለወጣና ገዢው ኩባንያ አቅም ስለነበረው ነው።

እናንተ አካባቢ ማዕድን ማውጫ ወይም የድንጋይ ካባ አለ? ሲዘጋ ምን ሊደረግበት እንደታሰበ የሚያውቅ ሰውስ አለ? ኮሜንት ላይ ጻፉልን፤ የምትነግሩንን ይዘን ኃላፊዎቹን እንጠይቃለን። ቻርጀራችሁን ስትሰኩም ቢዩትን አስታውሱ!